የማስተማር ፈቃድ እድሳትና ልዩ ሁኔታዎች፦ የጃፓን ታሪክ ለዕቅድ አውጪዎችና ለመምህራን የሚሰጠው ትምህርት

1. መግቢያ

የአንድ አገር የትምህርት ደረጃ ከመምህራኑ ደረጃ በላይ ሊሆን እንደማይችል ብዙ የትምህርት ሊቃውንት የሚስማሙበት ጉዳይ ነው። በዚህም ምክንያት መንግሥታት ማን ማስተማር እንደሚችል፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያስተምርና ችሎታውን በምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚያረጋግጥ በሕግ ሲወስኑ ኖረዋል። የማስተማር ፈቃድ በየጊዜው ይታደስ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚሁ ነው። ሐሳቡ በመልካም ጊዜ ቀላልና ተገቢ መስሎ ይታያል። ትክክለኛው ፈተና የሚደርስበት ግን መምህሩ ሲታመም፣ መምህርቷ ስትወልድ፣ ምድር ስትናወጥ፣ ወረርሽኝ ሲገባ ወይም ሰላም ሲደፈርስ ነው። ሕጉ የተጻፈው ለዘወትር ሥራ ሲሆን፣ የሚመዘነው ግን በልዩ ሁኔታ ነው።

ለዚህ ጉዳይ የጃፓን ታሪክ የተሟላ ምሳሌ ይሆናል። ጃፓን የፈቃድ እድሳትን በሕግ ደንግጋ፣ ለ13 ዓመታት ያህል ሠርታበት፣ በመጨረሻም ራሷ ሽራዋለች። ከዚህም ሌላ ጃፓንን አይቶ መማር በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደዚያ ተልከው የተመለከቱትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ለአገራቸው አንባቢ አቅርበዋል። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ሊቃውንት ከጃፓን ይፈልጉ የነበረው የመሠልጠንን መንገድ ነበር። ዛሬ ደግሞ ከስኬቷ ባልተናነሰ፣ ሞክራ ከተወችው ነገር ሊገኝ የሚችል ትምህርት አለ።

ከዚህ በታች ስለ ጃፓን የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. ከጦርነቱ በኋላ የተሰጠው ፈቃድ

ጃፓን ዘመናዊውን የትምህርት ሥርዓት በ1872 ስታውጅ በዚያው ዓመት በቶኪዮ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ከፈተች። ከዚያ ወዲህ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የአንደኛ ደረጃ መምህራን በአብዛኛው የሚወጡት በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ከነበሩት ከእነዚህ ማሠልጠኛዎች ነበር።

በ1945 ጃፓን ድል ስትሆን የመምህርነት ሙያም አብሮ ተናወጠ። በ1946 በወጣ ድንጋጌ መሠረት መምህራን ሁሉ ለማስተማር ብቁ መሆናቸው በኮሚቴ እንዲመረመር ተደረገ። የምርመራው ዓላማ የጦረኝነትን መንፈስ ሲያስፋፉ የነበሩትን ከማስተማር ሥራ ማግለል ነበር። ሆኖም ምርመራው ሳይደርስባቸው ሥራቸውን በፈቃዳቸው የለቀቁት ከ100,000 በላይ እንደ ነበሩ ይነገራል። በዚሁ ጊዜ፣ በ1947፣ አዲሱ የትምህርት ሕግ ግዴታውን ትምህርት ወደ ዘጠኝ ዓመት አሳደገውና ከዚያ በፊት ያልነበረ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየመንደሩ እንዲከፈት አስገደደ። ስለዚህ የመምህሩ ቁጥር በቀነሰበት ሰዓት የመምህር ፍላጎት ጨመረ ማለት ነው።

የ1949 የመምህራን ፈቃድ ሕግ የወጣው በዚህ ችግር መካከል ነው። ሕጉ ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ያዘ። በአንድ በኩል ማንኛውም መምህር ተገቢው ፈቃድ ሊኖረው ይገባል በማለት ደረጃውን ከፍ አደረገ። የመምህራንንም ዝግጅት ወደ ዩኒቨርሲቲ አሸጋገረው። በሌላ በኩል መደበኛ ፈቃድ ያለው ሰው ሊገኝ በማይቻልበት ጊዜ ብቻ የሚሰጥ፣ የጊዜ ገደብ ያለው ጊዜያዊ ፈቃድ እንዲኖር ፈቀደ። ዝቅተኛውን ፈቃድ የያዘ መምህርም በሥራ ላይ ባሳለፈው ዘመንና በክረምት ሥልጠና በሚያገኘው ነጥብ ወደ ከፍተኛው ደረጃ እንዲሸጋገር መንገድ ከፈተለት።

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው፣ መደበኛው ፈቃድ አንዴ ከተገኘ የዕድሜ ልክ መሆኑ ነው። የጊዜ ገደብ የተጣለው በጊዜያዊው ፈቃድ ላይ ብቻ ነበር። በሌላ አነጋገር የ1949 ሕግ ልዩ ሁኔታን የተቀበለው በሩን ዝቅ አድርጎ፣ ከውስጥ ደግሞ ደረጃ በመሥራት ነው። መምህሩ የሚሻሻለው ፈቃዱን እንዳያጣ በመፍራት ሳይሆን የተሻለውን ፈቃድ ለማግኘት በመጣር ነበር።

3. ወደ እድሳት የተደረገው ጉዞ

ይህ አሠራር ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ጸንቶ ቆየ። በ1990ዎቹ ዓመታት ግን በትምህርት ቤቶች ውስጥ የሥነ ሥርዓት ጉድለት፣ የተማሪዎች እርስ በርስ መጎዳዳትና ከትምህርት መቅረት የሕዝብ መነጋገሪያ ሆነ። ወቀሳውም ወደ መምህሩ ዞረ። በ2000 መጨረሻ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ያቀርብ የነበረ የትምህርት ማሻሻያ ጉባኤ የፈቃድ እድሳት እንዲታሰብበት ሐሳብ አቀረበ።

የትምህርት ሚኒስቴሩ አማካሪ የሆነው ማዕከላዊ የትምህርት ምክር ቤት በ2002 ጉዳዩን መርምሮ እድሳቱ እንዲጀመር ከመወሰን ተቆጠበ። ሌሎች ሙያዎች እንዲህ ያለ ገደብ ሳይኖርባቸው በመምህሩ ላይ ብቻ መጫኑ ተገቢ መሆኑ አጠያያቂ ነበር። በእድሳቱ ምትክ አሥር ዓመት ላገለገሉ መምህራን የሚሰጥ ሥልጠና በ2003 ተጀመረ።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚያ አልቆመም። ያው ምክር ቤት በ2006 ባቀረበው ዘገባ አቋሙን ለውጦ እድሳቱን ደገፈ። ዓላማውም ብቁ ያልሆኑትን ለማስወገድ ሳይሆን መምህሩ ዘመኑ የሚጠይቀውን ዕውቀት እንዲይዝ ለማድረግ መሆኑን ገለጸ። ሕጉ በ2007 ተሻሽሎ ከኤፕሪል 1 ቀን 2009 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። ሐሳቡ የተወለደው መምህሩን ለመቆጣጠር ከተነሣ ግፊት ሲሆን፣ ሲጸድቅ የለበሰው ስም ግን የዕውቀት ማደሻ ነበር። ይህ የዓላማ መደራረብ በኋላ ለታየው ችግር አንዱ ምንጭ ነው።

4. ሕጉ ልዩ ሁኔታዎችን እንዴት እንደ ተመለከታቸው

በአዲሱ ሕግ መሠረት ከኤፕሪል 2009 በኋላ የሚሰጥ ፈቃድ ለአሥር ዓመት ብቻ የሚያገለግል ሆነ። ከዚያ በፊት የተሰጠው ፈቃድ በራሱ የጊዜ ገደብ ባይኖረውም፣ በሥራ ላይ ያለ መምህር 35፣ 45 እና 55 ዓመት በሚሞላበት የትምህርት ዘመን መጨረሻ ላይ ሥልጠናውን መፈጸሙን ማረጋገጥ ነበረበት። ሥልጠናው ከ30 ሰዓት ያላነሰ ነው። የሚሰጠውም በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲዎች ሲሆን በፈተና ይደመደማል። ወጪውን፣ ማለትም ባጠቃላይ 30,000 የን ያህል የሚሆነውን ክፍያና የመጓጓዣውን ገንዘብ የሚችለው መምህሩ ራሱ ነበር። ሥልጠናውን ጨርሶም ለክፍለ ሀገሩ የትምህርት ቦርድ ማመልከት ይገባዋል። ማመልከቻው የሚቀርበው የጊዜው ገደብ ከማለቁ ከሁለት ወር በፊት ነው።

ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች መምህሩ ሁልጊዜ ይህን ለመፈጸም እንደማይመቸው አልዘነጉትም። ስለዚህ የጊዜው ገደብ የሚራዘምባቸውን ምክንያቶች በደንብ ዘረዘሩ። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ሀ/ በሕመም፣ በወሊድ፣ ሕፃን በማሳደግ ወይም የታመመ ቤተሰብ በማስታመም ምክንያት በፈቃድ ላይ መሆን፤
ለ/ በመሬት መንቀጥቀጥ፣ በበረዶ፣ በጎርፍ ወይም በሌላ የተፈጥሮ አደጋ ምክንያት መንገድ ተዘግቶ ሥልጠናው ወደሚሰጥበት ቦታ ለመድረስ አለመቻል፤
ሐ/ ለሥራ ወደ ውጭ አገር መላክ፤
መ/ ከፍ ያለ ፈቃድ ለማግኘት በትምህርት ላይ መሆን፤
ሠ/ በመምህርነት ከተቀጠሩ ገና አጭር ጊዜ መሆኑ።

ከዚህ በቀር ርእሳነ መምህራን፣ ምክትሎቻቸውና በሥራቸው ተመርጠው የተሸለሙ መምህራን ከሥልጠናው ነፃ ሊሆኑ ይችሉ ነበር።

ዝርዝሩ ሲታይ ሰፊና ርኅራኄ ያለበት ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሥውር ጉድለት ነበረበት። ማራዘሚያው በራሱ የሚመጣ አልነበረም። መምህሩ ራሱ ቀኑን አስቦ፣ ማስረጃውን አሰባስቦ፣ ጊዜው ሳያልፍ ማመልከት ነበረበት። የታመመው፣ ያረሰችውና አደጋ የደረሰበት ሰው ደግሞ በባሕርዩ ቀን ለመቁጠርና ወረቀት ለመሰብሰብ የማይመቸው ሰው ነው። ሕጉ ችግሩን አወቀለት፤ ችግሩን የማስረዳቱን ሸክም ግን በራሱ በችግረኛው ጫንቃ ላይ ተወው።

5. በሥራ ላይ የታዩት ችግሮች

የመጀመሪያዎቹ መምህራን ጊዜያቸው የሚያበቃው ማርች 31 ቀን 2011 ነበር። ቀኑ ሊደርስ 20 ቀን ሲቀረው፣ ማርች 11፣ በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ደረሰ። ትምህርት ቤቶች የተፈናቀለ ሕዝብ መጠለያ ሆኑ። መምህራንም የተማሪዎቻቸውን መኖርና አለመኖር ከማጣራት አንሥቶ መጠለያውን እስከ ማስተዳደር ባለ ሥራ ተጠመዱ። የመጀመሪያው ተራ ማመልከቻ የሚገባው በጃንዋሪ መጨረሻ ስለ ነበረ ያ ተራ አልፎ ነበር። ተከታዩ ተራ ግን ለሥልጠና መመዝገብ የነበረበት በዚያ ፍርስራሽ መካከል ነው። በደንቡ ውስጥ «የመሬት መንቀጥቀጥ» የሚለው ቃል ከወረቀት ወጥቶ የዕለት ኑሮ የሆነው ያን ጊዜ ነው።

ከዚህ ታላቅ አደጋ ይልቅ በዝግታ የጎዳው ግን የዘወትሩ ችግር ነው። እርሱም በሦስት መልክ ታየ።

አንደኛው ባለማስተዋል የወደቀ ፈቃድ ነው። በሥራ ላይ ያለ መምህር ቀኑን ዘንግቶ ወይም ተራውን በስሕተት አስልቶ ጊዜው ቢያልፍበት ፈቃዱን ያጣል። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ፈቃዱን ሲያጣ ደግሞ ሥራውንም ወዲያው ያጣል። ክፍሉ ያለ መምህር እንዳይቀር የትምህርት ቦርዶች እንዲህ ላለው ሰው ጊዜያዊ ፈቃድ የሰጡበት ጊዜ አለ። በዚህ ዓይነት በ1949 መምህር ለጠፋበት ዘመን የታሰበው ጊዜያዊ ፈቃድ፣ ከስልሳ ዓመታት በኋላ ሕጉ ራሱ ከሥራ ያስወጣውን መምህር መልሶ ለማስገቢያ ዋለ።

ሁለተኛው ያንቀላፋ ፈቃድ ነው። ከ2009 በፊት ፈቃድ አግኝተው በማስተማር ላይ ያልነበሩ ሰዎች፣ ለምሳሌ ልጆቻቸውን ለማሳደግ ሥራ የለቀቁ እናቶችና ወደ ሌላ ሙያ የገቡ ሰዎች፣ ሥልጠናውን የመውሰድ ግዴታ አልነበረባቸውም። ነገር ግን የማረጋገጫ ጊዜያቸው ካለፈ ሥልጠናውን ሳይወስዱ ወደ ክፍል ሊመለሱ አይችሉም ነበር። ፈቃዱ አልሞተም፤ ነገር ግን አይሠራም። የጃፓን ባለ ሥልጣኖች ይህን ያንቀላፋ ፈቃድ ብለው ይጠሩት ነበር።

የዚህ ጉዳት የታየው በትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው። አንዲት መምህርት በወሊድ ፈቃድ ስትወጣ ወይም አንድ መምህር በድንገት ሲታመም፣ ርእሰ መምህሩ ተተኪ የሚፈልገው ከእነዚሁ ሰዎች መካከል ነበር። ሰውየው በአካባቢው አለ። ችሎታም ፍላጎትም አለው። ግን ፈቃዱ ያንቀላፋ ስለ ሆነ ነገ ጧት ክፍል ሊገባ አይችልም። ሥልጠናውን ወስዶ፣ ገንዘቡን ከፍሎና ማረጋገጫውን ተቀብሎ እስኪመጣ ድረስ መምህርቷ ከወሊድ ፈቃዷ ልትመለስ ትችላለች። ለጥቂት ወር ተተኪነት ብሎ ይህን ሁሉ የሚሸከም ሰውም ብዙ አልነበረም።

ሦስተኛው የጊዜና የገንዘብ ሸክም ነው። የጃፓን መምህር ረጅም ሰዓት በመሥራት በዓለም የታወቀ ነው። ሥልጠናው በአብዛኛው የሚሰጠው መምህሩ ማረፊያውና መዘጋጃው በሆነው በበጋው ዕረፍት ነበር። በ2003 ከተጀመረው የአሥር ዓመት አገልግሎት ሥልጠና ጋር መደራረቡም ቅሬታ አስነሣ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ደግሞ በአካል የሚሰጡ ኮርሶች በብዛት ተሰረዙ ወይም በኢንተርኔት እንዲሰጡ ተደረገ። ወረርሽኙም ለማራዘሚያ በቂ ምክንያት ሆኖ እንዲቆጠር ተደረገ። ይህም ሌላ ጥያቄ አስነሣ፦ ዕውቀት በየጊዜው ከቤትም ሆነ ከትምህርት ቤት ሊገኝ የሚችል ከሆነ፣ አሥር ዓመት ጠብቆ በ30 ሰዓት ውስጥ ማደስ ምን ትርጉም አለው?

6. የሕጉ መሻር

በማርች 2021 የትምህርት ሚኒስትሩ ጉዳዩ ከሥሩ እንዲመረመር ለማዕከላዊው የትምህርት ምክር ቤት አቀረቡ። በዚያው ዓመት በተደረገ የሚኒስቴሩ ጥናት የትምህርት ዘመኑ በተጀመረበት ጊዜ በ1,897 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ 2,558 መምህራን እንደ ጎደሉ ታወቀ። ቁጥሩ በጃንዋሪ 2022 ለሕዝብ ተገለጸ። የእጥረቱ ምክንያት እድሳቱ ብቻ አልነበረም። በጡረታ የሚወጡት መብዛትና የወሊድ ፈቃድ የሚወስዱት ወጣት መምህራን መጨመርም አለበት። ሆኖም እድሳቱ ተተኪ ሊሆኑ የሚችሉትን ሰዎች ክምችት ማድረቁ ሊካድ የማይቻል ሆነ።

የሕጉ ማሻሻያ በሜይ 2022 ጸድቆ ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ እድሳቱ ቀረ። የመሻሩ አፈጻጸም ራሱ ለዕቅድ አውጪዎች ጥሩ ትምህርት አለው። በዕለቱ ጊዜው ያላለፈበት ፈቃድ ሁሉ ያለ ማመልከቻ ገደብ የሌለው ሆነ። ያንቀላፋውም የድሮ ፈቃድ እንዲሁ ያለ ማመልከቻ ነቃ። ጊዜው አልፎበት የወደቀው ፈቃድ ግን በራሱ አልተነሣም። ባለቤቱ ለክፍለ ሀገሩ የትምህርት ቦርድ አመልክቶ እንደገና እንዲሰጠው መጠየቅ ነበረበት።

በእድሳቱ ቦታ የተተካው ሌላ አሠራር ነው። ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ የትምህርት ቦርዶች የእያንዳንዱን መምህር የሥልጠና መዝገብ እንዲይዙ፣ ከመምህሩም ጋር እየተነጋገሩ ቀጥሎ ምን መማር እንደሚገባው እንዲመክሩት ግዴታ ተጣለባቸው። ሸክሙ ከመምህሩ ወደ አሠሪው ተዛወረ ማለት ነው። ይህ በመሆኑ የመምህር እጥረቱ አልጠፋም፤ ከዚያም በኋላ የጃፓንን ትምህርት ቤቶች ሲያስቸግር ቆይቷል። የተወገደው ሕጉ ራሱ የፈጠረው መሰናክል ብቻ ነው።

7. ከኢትዮጵያ ሁኔታ ጋር ሲገናዘብ

ኢትዮጵያም በልዩ ሁኔታ ውስጥ መምህር መፈለግን ታውቀዋለች። ከፋሺስት ወረራ በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ ከወረራው በፊት ከተማሩት ብዙዎቹ አልቀው ነበር። የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት አሠርት ዓመታት ትምህርት በተስፋፋ ቁጥር ሙሉ ሥልጠና ያላገኙ መምህራንን ቀጥሮ ቀስ በቀስ በክረምት ኮርስ ማሻሻል የተለመደ አሠራር ሆኖ ኖሯል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መምህራን በየትኛውም እርከን ከመመደባቸው በፊት ብቃታቸው እንዲረጋገጥ ደነገገ። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. በተዘረጋው አራተኛው የትምህርት ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ደግሞ ለመምህራንና ለትምህርት ቤት አመራሮች የሙያ ፈቃድ መስጠትና ማደስ የዕቅዱ አካል ሆነ። ምዘናው በጽሑፍ ፈተናና በሥራ ማስረጃዎች ማኅደር ላይ የተመሠረተ ነው።

ከዚያ ወዲህ አገሪቱ ያየችው ግን የዘወትር ጊዜ አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት ተዘጉ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ጦርነት ተነሣ። ትምህርት ቤቶች ፈረሱ፤ መዝገቦቻቸው ጠፉ፤ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር ተፈናቀሉ። የሥራ ማስረጃ ማኅደር ማለት የትምህርት ዕቅድ፣ የተማሪ ውጤትና የርእሰ መምህር ምስክርነት ነው። ትምህርት ቤቱ የተቃጠለበት መምህር ይህን ከየት ያመጣል? የጃፓን ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ባይሰጥም፣ መልሱ የሚፈለግባቸውን አራት ነጥቦች ያመለክታል።

አንደኛ፣ ማራዘሚያ በማመልከቻ ብቻ መሆን የለበትም። አንድ ወረዳ በአደጋ ወይም በጦርነት መጎዳቱ ለመንግሥት በይፋ የታወቀ ከሆነ፣ በዚያ ወረዳ ያሉ መምህራን ጊዜ በአንድ ውሳኔ ሊራዘም ይገባል። እያንዳንዱ መምህር ጦርነት መኖሩን በማስረጃ እንዲያረጋግጥ መጠየቅ ለአስተዳደሩም ለመምህሩም ከንቱ ድካም ነው።

ሁለተኛ፣ ጊዜው ያለፈበት ፈቃድና በችሎታ ማነስ ወይም በጥፋት የተነጠቀ ፈቃድ አንድ መሆን አይገባቸውም። የመጀመሪያው የአስተዳደር ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው የብቃትና የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው። በጃፓን ቀን የዘነጋው ደኅና መምህር ሥራውን ያጣው ይህ ልዩነት በሕጉ ውስጥ በቂ ስፍራ ስላላገኘ ነው።

ሦስተኛ፣ በጡረታ ያሉና ሥራ የለቀቁ መምህራን የአገር ክምችት ናቸው። በክፉ ቀን ክፍሉን የሚይዙት እነርሱ በመሆናቸው፣ ፈቃዳቸው ቢያንቀላፋም በአጭር ጊዜ የሚነቃበት መንገድ አስቀድሞ ሊታሰብ ይገባል።

አራተኛ፣ የመምህሩ መዝገብ በመምህሩ እጅና በአንድ ትምህርት ቤት ሣጥን ውስጥ ብቻ መቀመጥ የለበትም። ግልባጩ በወረዳ፣ በዞንና በክልል ቢኖር አንድ ትምህርት ቤት ሲቃጠል የሰው የሥራ ዘመን አብሮ አይቃጠልም።

እነዚህ ነጥቦች እድሳት አያስፈልግም የሚል መደምደሚያ ላይ አያደርሱም። ጃፓን በ2009 ከነበረችበት ሁኔታ ኢትዮጵያ ያለችበት እጅግ የተለየ ነው። የጃፓን መምህራን በዩኒቨርሲቲ ሠልጥነው የወጡ ስለ ነበሩ እድሳቱ የጨመረላቸው ነገር ትንሽ ነበር። ደረጃቸው ገና በመሻሻል ላይ ላሉ መምህራን ግን በሚገባ የታሰበ ምዘና ጥቅም ሊኖረው ይችላል። ጥያቄው ምዘናው ይኑር አይኑር ሳይሆን፣ ምዘናው የሚያመልጠው ሰው ሰነፉ ነው ወይስ ችግር የደረሰበቱ የሚለው ነው።

8. መደምደሚያ

የ1949 ሕግና የ2007 ማሻሻያ በአንድ አገር የወጡ፣ ለአንድ ሙያ የተደነገጉ ናቸው። የመጀመሪያው በጦርነት ፍርስራሽ ውስጥ ወጥቶ መምህሩን በሥራው ላይ እያቆየ ደረጃውን ከፍ አደረገ። ሁለተኛው በሰላምና በብልጽግና ዘመን ወጥቶ መምህር ባጠረበት ሰዓት በሩን አጠበበ። ልዩነቱ የመጣው አንደኛው ልዩ ሁኔታን እንደ መነሻ አድርጎ ሲያስብ፣ ሌላው በዝርዝር ውስጥ እንደ ቀሪ ጉዳይ ስላስቀመጠው ነው።

ስለዚህ የማስተማር ፈቃድን የሚመለከት ደንብ የሚያረቅ ሰው ስለ መደበኛው መምህር ከመጻፉ በፊት ሁለት ሰዎችን በፊቱ ቢያቆም ይበጃል። አንዷ ሕፃን ታቅፋ በቤቷ ያለች መምህርት ናት። ሌላው ትምህርት ቤቱ ፈርሶበት በመጠለያ ውስጥ ሆኖ፣ ሰሌዳ በሌለበት፣ በዙሪያው የተሰበሰቡትን ልጆች ፊደል የሚያስቆጥር መምህር ነው። ደንቡ እነዚህን ሁለቱን በሙያቸው ውስጥ ካቆየ፣ የቀሩትን ለማቆየት አያዳግተውም።